አንድ ጣት የጎደለው ምስጋና

አቶ ኦዮንግ ሺዩ-ቹን በታክ ሎይ ሻይ ቤት ምድር ቤት፣ ከወጥ ቤቱ በር ትይዩ ባለችው ክብ ጠረጴዛ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ፊታቸውን ለበሩ ሰጥተው የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ሥፍራዋን የመረጧት ለምቾቷ አልነበረም፤ ምቾት የላትምና። ይሁን እንጂ ምግቡን በየጠረጴዛው የሚያዞሩት ጋሪ ገፊዎች ከወጥ ቤት ሲወጡ በመጀመሪያ የሚያልፉት በእሷ በኩል ስለ ሆነ፣ ከእንፋሎቱ ገና ያልተለየ፣ በሊጥ የተሸፈነ የሽሪምፕ ጥቅልል ለሚሻ ሰው በሻም ሹይ ፖ ሰፈር ከዚያች ወንበር የሚበልጥ መቀመጫ አልነበረም። ከበሩ ርቀው ለሚቀመጡት የሚደርሳቸው ሌላው አይቶ የተወው ነው። አቶ ኦዮንግ ይህን እንደ አድልዎ አይቆጥሩትም፤ ማልዶ የመነሣት ዋጋ ነው ብለው ያምናሉ።

ዕድሜያቸውን የፈጁት ሕዝብ ከማዶ ወደ ማዶ በምታመላልስ ጀልባ ላይ ገመድ በመወርወር ነው። ጀልባዋ ወደቡን ልትነካ ስትል ወፍራሙን ገመድ በምሰሶው ላይ ይጥላሉ፤ ስትነሣ መልሰው ይስባሉ። ሥራው ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ገመዱ አንድ ጊዜ ከሳተ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ አፍ ይሳደባል፤ አቶ ኦዮንግ ሲሰደቡ ደግሞ የሰማ የለም። ስለዚህ በጣቶቻቸው ይኮሩ ነበር። በሌላ በምንም አይኮሩም፤ የሚኮሩበት ሌላ ነገርም ብዙ አልነበራቸውም። ሚስታቸው ላይ-ኪት ካረፉ ወዲህ ቤቱ ጸጥ አለ፤ እሳቸውም አብረውት ጸጥ አሉ። በየማለዳው ያንኑ ዝምታቸውን ይዘው ወደ ታክ ሎይ ይወርዳሉ፤ ዝምታ በሰው መካከል ሲሆን ሸክሙ ይቀላልና።

በጠረጴዛዋ ዙሪያ ከእሳቸው ጋር ሁለት ሰዎች ይቀመጡ ነበር። አንደኛው አቶ ፓን ናቸው፤ ፀጉር አስተካካይ የነበሩ ሰው ናቸው። መቀሱን ካስቀመጡ ቆይተዋል፤ ወሬውን ግን አላስቀመጡም። ሁለተኛዋ ወይዘሮ ኪዩ ሱት-ማን ናቸው። በጓንት ፋብሪካ ጣት በጣት ሲሰፉ የኖሩ፣ ባላቸውም ከሞቱባቸው የቆዩ ሴት ናቸው። ማንቆርቆሪያውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ጽዋዎቹን በመጀመሪያው ሻይ ያለቀልቃሉ፤ ሁለተኛውን ይቀዳሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ምግቡ ፍርድ ይሰጣሉ።

"የዛሬው ሊጥ ወፍራም ነው።"

"ወፍራም ነው" ይላሉ አቶ ኦዮንግ።

"ትናንትና ስስ ነበር።"

"ስስ ነበር።"

"እናንተ ሁለታችሁ ስትጨዋወቱ እኮ በቀቀን እንኳ ይሰለቻል!" ይላሉ አቶ ፓን፣ የሚበሉትን የዶሮ እግር አጥንት ከከንፈራቸው ጫፍ እያወጡ። ሁለቱ ግን በጨዋታው አልተሰላቹም ነበር። ብዙ የሚናገር ሰው ብዙ ተናገረ እንጂ ብዙ ተግባባ አይባልም።

በታክ ሎይ ሻይ የተቀዳለት ሰው በአፉ አያመሰግንም፤ አፉ ሥራ ላይ ነውና። ጣቱን አጠፍ አድርጎ ጠረጴዛውን መታ መታ ያደርጋል፤ ይህ ይበቃል። ወጣቶቹ እንደ መጣላቸው ይመታሉ፤ ዓይናቸውንም ከስልካቸው አያነሡም። የእነ አቶ ኦዮንግ ትውልድ ግን ሥርዓቱን ያውቃል፤ ያገባ በሁለት ጣት፣ ያላገባ በአንድ ጣት ይመታል። አቶ ፓን፣ ሚስታቸው ከቤት ሆነው የሚቆጡ ስለ ሆኑ፣ በሁለት ይመታሉ። ወይዘሮ ኪዩ፣ ባላቸው ቢሞቱም፣ በሁለት ይመታሉ። አቶ ኦዮንግም እንዲሁ። ሁለቱ ሙታን በየማለዳው በዚህ ዓይነት ሲታሰቡ ኖሩ፤ ነገሩን በቃል ያነሣ ግን አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ማለዳ አቶ ኦዮንግ ከቤታቸው ሲወጡ ተጣጣፊው የብረት በር የቀኝ እጃቸውን መሐል ጣት ቀረጠፈው። አልጮኹም። በሩን መልሰው ከፈቱ፤ ጣታቸውን አወጡ፤ በሩን በሥነ ሥርዓት ዘጉ፤ ወደ ወጌሻም ሄዱ። ወጌሻው ጥቁር ቅባት ለቀለቀላቸውና "እንዳያጥፉት፤ በምንም ነገር ላይም እንዳይመቱበት" ብሎ አሰናበታቸው። ቅባቱ እጅግ ይሸት ነበር። ሽታ ይዞ ወደ ማዕድ መቅረብ ነውር መሆኑን የሚያውቁት አቶ ኦዮንግ ከሻይ ቤቱ በር ላይ ባለችው ቧንቧ ቅባቱን አጥበው ገቡ። ጣታቸው መታመሙንም ለማንም ላለመናገር ወሰኑ። ገመድ ወርዋሪ በበር ተቀረጠፈ መባልን አልፈለጉም።

ወይዘሮ ኪዩ እንደ ወትሯቸው ቀዱላቸው። አቶ ኦዮንግ የታመመውን ጣት ከጠረጴዛው ጠርዝ በታች ሸሸጉና በአመልካች ጣታቸው ብቻ መታ መታ አደረጉ። በግራ እጅ ማመስገን በእሳቸው ዘንድ ከአለማመስገን ይከፋል፤ ጎደሎ ምስጋና ግን ከምስጋና ቢስነት ይሻላል። ያሰቡት ይህን ብቻ ነው። ሰው በሕመሙ ውስጥ ሲሆን ከሕመሙ ወዲያ ያለውን አያይምና፣ ሥርዓቱን ጨርሰው ረሱት።

አቶ ፓን ማኘክ አቆሙ። ወይዘሮ ኪዩ ማንቆርቆሪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ጥቂት ቆይተው፣ የታዘዘው የአሳማ ሥጋ ዳቦ ገና ሳይመጣ፣ "ልብስ አስጥቼ ነበር" ብለው ተነሥተው ሄዱ። ውጭው ዝናብ ነበር።

"ዛሬ ልብስ ይሰጣል?" ብለው ጠየቁ አቶ ኦዮንግ።

አቶ ፓን የያዙትን የዶሮ እግር ወደ ሳህኑ መለሱ።

ወዲያው፣ ከወጥ ቤቱ በር ሆና ስታይ የነበረችው ጋሪ ገፊዋ አሂንግ ወጣች። አሂንግ ከወገቧ ሰፋ ያለች፣ ድምፅዋ ከጋሪዋ ቀድሞ የሚደርስ ሴት ናት። ጋሪዋን አቆመች፤ ከላይ ያለውን የቀርከሃ ማብሰያ ትታ ከታች ያለውን መዘዘች፤ ክዳኑንም በክብር አነሣችላቸው።

"ጋሼ ኦዮንግ፣ ያማረውን መርጬ ነው ያመጣሁልዎ። ደፋር ሰው መብላት አለበት!"

"ምን አደረግሁ?"

"እሱንማ እርስዎ ነዎት የሚያውቁት! ዝምተኛ ወንዝ ይሏል እንዲህ ነው!" አለችና እየሳቀች ጋሪዋን ገፋች።

አቶ ኦዮንግ የበሩን አደጋ ከየት እንደ ሰማች ገረማቸው። በር መዝጋት ይህን ያህል ድፍረት እንደሚጠይቅም እስከዚያ ቀን ድረስ አልታያቸውም ነበር።

በማግሥቱ ወይዘሮ ኪዩ ዘግይተው መጡ። ፀጉራቸው ተሠርቷል። ሐምራዊ ሹራብ ለብሰዋል፤ ከበዓል በቀር የማያደርጉትን አረንጓዴ የድንጋይ አምባርም አድርገዋል።

"እትዬ፣ ሠርግ አለብዎ እንዴ?" አሉ አቶ ፓን።

"ሻይ ነው ያለብኝ። አንተ ብላ።"

ጽዋዎቹን አለቀለቁ፤ የአቶ ኦዮንግን ጽዋ ሁለት ጊዜ አለቀለቁት። ቀዱ። ቀድተውም እጃቸውን ከማንቆርቆሪያው ላይ ሳያነሡ ቆዩ። አቶ ኦዮንግ በአንድ ጣት መቱ። የወይዘሮ ኪዩ ጉንጭ ትንሽ ቀላ። አንዳች ነገር ለመናገር አፋቸውን ከፈቱ፤ ይናገሩትም ነበር፤ ነገር ግን በዚያችው ቅጽበት አቶ ኦዮንግ በመብያ እንጨቶቻቸው ያነሡት የሽሪምፕ ጥቅልል አምልጧቸው ከቃሪያው ድልህ ውስጥ ወደቀ። ገመዱን ስተው የማያውቁት ሰው ጥቅልል ሳቱ። የሁሉም ዓይን ወደ እጃቸው ሄደ፤ ያበጠውም ጣት በይፋ ታየ።

ወይዘሮ ኪዩ ዕድሜ ልካቸውን ለጣት ሲሰፉ የኖሩ ናቸው፤ ጣት አያታልላቸውም።

"ጣትዎን ምን ነካው?"

"ምንም።"

"አብጧል እኮ።"

"ምንም አይደለም። የበር ነገር ነው።"

"ትናንትናም እንዲህ ነበር?"

"ትናንትናማ ይብስ ነበር" አሉ አቶ ኦዮንግ፤ ሐሰት የማይናገሩ ሰው ናቸውና።

ወይዘሮ ኪዩ እጃቸውን ከማንቆርቆሪያው ላይ አነሡ። "እንግዲያው ምንም አይደለም" አሉና ቦርሳቸውን አንሥተው ተነሡ። ወደ ውጭ ግን አልወጡም። ደረጃውን ይዘው ወደ ላይኛው ፎቅ፣ ቤተሰቦች ከነልጆቻቸው ወደሚንጫጩበት፣ ጋሪ ወደማይገፋበት፣ ምግብ በስልክ ወደሚታዘዝበት አዳራሽ ወጡ። ከምድር ቤት ደንበኞች በገዛ ፈቃዱ ወደዚያ የወጣ ሰው ከዚያ በፊት አልታየም።

"አንተ ድንጋይ!" አሉ አቶ ፓን፣ ወይዘሮ ኪዩ ከዓይን ከራቁ በኋላ።

"ምን ሆነሃል?"

"እኔ ነኝ የሆንኩት? በሌባ ጣትህ ብቻ መታህ! እሷው ፊት! ላይ-ኪት ከሞተች ጀምሮ በሁለት ሲመታ የኖረ ሰው ድንገት በአንድ ሲመታ ምን ማለት ነው?"

"ጣቴ ታሟል ማለት ነው።"

"ይህን አንተና ወጌሻህ ናችሁ የምታውቁት! እኛ ያየነው 'ከእንግዲህ ብቸኛ ነኝ፣ ምን ትያለሽ?' ስትላት ነው። ትናንት ደንግጣ ሄደች። አድራ አሰበች። ዛሬ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ስማኝ ወንድሜ፣ ዕድሜዬን ፀጉር ስሠራ ነው ያለፍኩት፤ 'እምቢ' ለማለት ፀጉሩን የሚሠራ ሰው የለም። አንተ ደግሞ 'የበር ነገር ነው' አልካት።"

"የበር ነገር ነው እኮ።"

"ሰማይ ይታዘበኝ!" አሉ አቶ ፓን፤ ከድልሁ ውስጥ የወደቀውንም ጥቅልል አንሥተው በሉት።

አቶ ኦዮንግ የተቀዳላቸውን ሻይ እስኪቀዘቅዝ አዩት። ሴትን ልጅ ሳያስቡ መጠየቅ ጥፋት ነው። ጠይቆ ሲያበቃ አልጠየቅሁም ማለት ግን ከመጀመሪያው የከፋ ጥፋት ነው። አቶ ኦዮንግ ሁለቱንም በአንዲት ጣት ፈጽመው ተገኙ፤ ያውም አፋቸውን ሳይከፍቱ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ማለዳዎች ረዘሙ። ማንቆርቆሪያው ከአቶ ኦዮንግ ፊት ይቀመጣል፤ ለራሳቸው ይቀዳሉ። ለራሱ የቀዳ ሰው የሚያመሰግነው የለውምና ጠረጴዛው ጸጥ ይላል። አንድ ቀን የመጣው ጥቅልል ሊጡ እንደ ሐር የሳሳ፣ የሽሪምፑን ሮዝ ቀለም ከውጭ የሚያሳይ ሆነ። አቶ ኦዮንግ ወደ ባዶው ወንበር ዞሩ። ከዚያም ወደ አቶ ፓን ዞሩ።

"የዛሬው ሊጥ ስስ ነው።"

"እና እኔ ምን ላድርግልህ?"

አሂንግም ፊት ነሳቻቸው። ከላይ ያለውን፣ የበረደውን ማብሰያ አስቀምጣላቸው ታልፋለች። "እትዬ ኪዩ እንዴት ናቸው?" ብለው ቢጠይቋት፣ "ላይ ናቸው። ደግሞ እዚያ ሻይ የሚቀዳላቸው ሰው አይጠፋም፤ ጡረተኛ የባንክ ሰው አለ፣ ሁለቱም እጆቹ ጤነኛ ናቸው" አለቻቸው።

አቶ ፓን አዘኑላቸው። "ልውጣና ላስረዳት?" አሉ።

"ምን ብለህ?"

"ጣቱ ታሞ ነው እንጂ አልጠየቀሽም ብዬ።"

"ይህን ሰምታለች" አሉ አቶ ኦዮንግ። "ሁለት ጊዜ እንድትሰማው አልፈልግም።"

ሊኩል ገብቶ ዓይን የሚያጠፋ ወዳጅ በየጠረጴዛው አይጠፋም፤ ወዳጅን በጊዜ መከልከል ግን ከጠላት ከመጠበቅ እኩል ጥበብ ነው። አቶ ኦዮንግ ያን ዕለት ወደ ወጌሻው ተመለሱ። በዚህ ጊዜ ቅባቱን አላጠቡትም። ከነሽታው በምድር ቤቱ ተቀመጡ፤ ሰዎች ወንበራቸውን ሲያሸሹም ይቅርታ አልጠየቁም። ወደ ላይ ግን አልወጡም። የታመመ ጣት ምስክር ሊሆን አይችልምና፣ የሚሉት ነገር ቢኖራቸው በዳነ ጣት እንዲሆን ፈለጉ። የሚሉት ነገር መኖር አለመኖሩን ደግሞ ገና አልመረመሩም ነበር።

ጣታቸው በዳነ ዕለት ማታ መረመሩ። በቤታቸው መደርደሪያ ላይ የላይ-ኪት ፎቶግራፍ አለ፤ ከፊቱ ብርቱካን አይጠፋም። አቶ ኦዮንግ የደረቀውን ብርቱካን አንሥተው ትኩስ አስቀመጡና ከፊቱ ቆሙ።

"ሁለቱንም አጥፌ መምታት እችላለሁ" አሉ። "ድኗል።"

ብርቱካኑን በትንሹ አስተካከሉ።

"ባለፈው ሊጡ ስስ ነበር። የምነግረው ሰው አጣሁ።"

ላይ-ኪት በሕይወት ሳሉ የማይወዱት ነገር ሲነገር ቅንድባቸው ይነሣ ነበር። አቶ ኦዮንግ ፎቶግራፉን አተኩረው ተመለከቱት። ቅንድቡ አልተነሣም። ራታቸውን በሉና ተኙ።

በማግሥቱ ታክ ሎይ እንደ ገቡ ወደ ጠረጴዛቸው አልሄዱም። ከአቶ ፓን ፊት ቀጥ ብለው አለፉ፤ ደረጃውንም ወጡ። የላይኛው አዳራሽ በልጆች ጩኸት ተሞልቶ ነበር። ወይዘሮ ኪዩ በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ዳር ከማያውቁት ቤተሰብ ጋር ተጋርተው ተቀምጠዋል። ሕፃን አለ፤ የሕፃኑ አያት አሉ፤ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰ ሾርባ አለ። የባንኩ ሰው አልነበረም። ምናልባትም ከአሂንግ አፍ ውጭ ኖሮ አያውቅም። ከወይዘሮ ኪዩ አጠገብ አንድ ወንበር ባዶ ነው።

"ሰው አለው?" አሉ አቶ ኦዮንግ።

"እንደሚያዩት የለውም።"

ተቀመጡ። ወይዘሮ ኪዩ ጽዋ ሳቡ፤ አለቀለቁ፤ ቀዱላቸው። ይህ የእርቅ ምልክት አልነበረም። ጠብ ምንም ቢጸና ሻይ ያልተቀዳለትን ሰው በአጠገብ ማስቀመጥ አይፈቀድምና ነው። ቀድተው ሲያበቁ ፊታቸውን ወደ ሕፃኑ መለሱ።

አቶ ኦዮንግ ቀኝ እጃቸውን በጠረጴዛው ላይ ዘረጉ፤ ጣቶቹ ሁሉ ይታዩ ዘንድ። ከዚያም ሌሎቹን ወደ መዳፋቸው አጥፈው፣ በአንዱ ጣት ቀስ ብለው ጠረጴዛውን መቱ።

ወይዘሮ ኪዩ ዘወር ሳይሉ ሰሙት።

"ጣትዎ ገና አልዳነም?"

"ድኗል።"

"ማን አለ?"

"ወጌሻው።"

"ወጌሻ ምን ያውቃል። ያምጡት።"

አቶ ኦዮንግ እጃቸውን ሰጡ። ወይዘሮ ኪዩ መነጽራቸውን አደረጉ፤ መሐል ጣቱን ያዙ፤ አጠፉት፤ ዘረጉት፤ መገጣጠሚያውንም አንድ በአንድ ተጫኑት።

"እዚህ ጋ ያምማል?"

"አያምም።"

"እዚህስ?"

"አያምም።"

"በሁለቱም መምታት ይችላሉ ማለት ነው።"

"እችላለሁ።"

የሕፃኑ አያት ማንኪያቸውን አስቀምጠው ይመለከቱ ጀመር። ወይዘሮ ኪዩ ምርመራውን ጨርሰዋል፤ እጁን ግን አልመለሱም።

"ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሳያስጠነቅቅ አያደርግም" አሉ በመጨረሻ። "ያን ቀን በአፌ የዶሮ እግር ነበረ። የሚዋጥ አልነበረም፤ የሚተፋ አልነበረም።"

"ያን ቀን አላወቅሁም ነበር።"

"ዛሬስ?"

"ዛሬ አውቄ ነው።"

ወይዘሮ ኪዩ መነጽራቸውን አወለቁ። አጠገባቸው ያለውን የማብሰያ ክዳን አንሥተው በውስጡ የቀረውን ጥቅልል በትዝብት አዩት፤ መልሰውም ከደኑት።

"በስልክ የታዘዘ ምግብ ምግብ አይደለም" አሉ። "ይነሡ።"

ተነሡ። ወይዘሮ ኪዩ ቦርሳቸውን በክንዳቸው አንጠለጠሉ፤ የሞላውን ማንቆርቆሪያ በእጃቸው ያዙ፤ ወደ ደረጃውም አመሩ። አቶ ኦዮንግ ሁለቱን ጽዋዎች ይዘው ተከተሏቸው። ደረጃው ጠባብና የሚያንሸራትት ነው፤ ጽዋዎቹም ጢም ብለዋል። ይሁን እንጂ ዕድሜውን በሚወዛወዝ ጀልባ ላይ ለቆመ ሰው ደረጃ ምኑም አይደለምና አንዲት ጠብታ አልፈሰሰችም።

የላይኛው ፎቅ አስተናጋጅ ከኋላቸው እየሮጠ ደረሰ።

"እትዬ! እትዬ! ማንቆርቆሪያው የላይ ቤት ነው እኮ!"

"እኔ የታች ቤት ነኝ" አሉ ወይዘሮ ኪዩ፣ ሳይዞሩ።

ከታች አቶ ፓን ሁለቱን ባዩ ጊዜ ቀጥ ብለው ተቀመጡ፤ ወንበርም ሳቡላቸው፤ የሚናገሩትንም አዘጋጅተው አፋቸውን በሰፊው ከፈቱ። አሂንግ ግን ጋሪዋን ይዛ በአጠገባቸው ታልፍ ነበርና፣ ፈጠን ብላ በተከፈተው አፋቸው ትኩስ የአሳማ ሥጋ ዳቦ አጎረሰቻቸው።